ቀይ ነጥብ በአደን ጠመንጃ ላይ፦ ሬድ ዶት ሲመረጥ

በስዊድን የሙስ አደን በሰሜኑ በመስከረም፣ በደቡቡ በጥቅምት ይከፈታል። አዳኞች በተመደበላቸው ቦታ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ውሾች ጫካውን ያስሳሉ። ሙስ የተባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘር ከተደበቀበት ወጥቶ በዛፎች መካከል ሲያልፍ ለመተኮስ ያለው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ርቀቱም ብዙውን ጊዜ ከ100 ሜትር ያንሳል። በዚያች ቅጽበት ስድስት እጥፍ በሚያጎላ መነጽር የሚመለከት ሰው ቅርንጫፍና ቡናማ ጸጉር እንጂ ሙሉ እንስሳ ላያይ ይችላል። በብረት ማነጣጠሪያ የሚተኩሰው ደግሞ የኋላውን ክፍተት፣ የፊቱን ጫፍና እንስሳውን በአንድ መስመር ማዋል አለበት። ዓይን ግን በሦስት ርቀት ላይ ያሉ ነገሮችን በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ተኳሽ ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ የፊቱ ጫፍ ይደበዝዝበታል።

ሬድ ዶት፣ ማለትም ቀይ ነጥብ የሚያሳየው ማነጣጠሪያ፣ ለዚህ ችግር የመጣ መፍትሔ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አየርላንዳዊው የመነጽር መሣሪያ ሠሪ ሃዋርድ ግረብ ብርሃንን በመስተዋት አንጸባርቆ የማነጣጠሪያ ዘዴ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1900 ነበር። በባትሪ የሚሠራውንና ለአዳኝ የሚሆነውን ግን የስዊድኑ አይምፖይንት ኩባንያ በ1975 ለገበያ አቀረበ። የአሜሪካ ጦር ከዚሁ ኩባንያ በብዛት መግዛት የጀመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዕቃው የወታደር ቢመስልም መነሻው አደን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዓይን በኩል፣ ከመስተዋቱ ጎን ወይም በታች፣ አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት አለች። ፊት ለፊት ያለው ጎበጥ ያለ መስተዋት ቀዩን ብርሃን መልሶ ሌላውን ቀለም የሚያሳልፍ ስስ ቅብ አለው። የተመለሱት ጨረሮች ትይዩ ሆነው ወደ ዓይን ስለሚመጡ ነጥቧ በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈች ሳትሆን ከሩቅ፣ ከእንስሳው ዘንድ ያለች ትመስላለች። ተኳሹ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ እንስሳውን ብቻ ያያል፤ ነጥቧ በራሷ ትመጣለች። ጭንቅላቱ ትንሽ ቢዛነፍም የምታመለክተው ቦታ ብዙም አይለወጥም። «ብዙም» ያልኩት አውቄ ነው። ማስታወቂያዎች ፍጹም ስሕተት የለውም ቢሉም፣ ዓይን ወደ መስተዋቱ ጠርዝ ሲሸሽ፣ በተለይም ዒላማው ቅርብ ሲሆን፣ ጥቂት መዛነፍ አይቀርም።

ብዙዎች ከሌዘር ጋር ያምታቱታል። ሬድ ዶት በእንስሳው ላይ ምንም ብርሃን አይጥልም፤ ነጥቧን የሚያያት ተኳሹ ብቻ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በታዳኝ እንስሳ ላይ ብርሃን የሚጥል መሣሪያ ስለሚከለከል ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቢሆንም የራስን ግዛት የአደን ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ታዲያ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ዋጋው ሳይሆን ርቀቱ ነው። ሬድ ዶት አያጎላም። እንስሳው ወንድ ይሁን ሴት፣ ከኋላው ሌላ እንስሳ ወይም ሰው ይኑር፣ በነጥቧ አይታወቅም። ከ100 ሜትር ወዲህ፣ በተለይ ለሚንቀሳቀስ እንስሳ፣ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ከ150 ሜትር ወዲያ ግን የሚያጎላ መነጽር ይሻላል። በባሌና በአርሲ ከፍታዎች በፈቃድ እንደሚታደነው የደጋ አጋዘን ከሸለቆ ማዶ ለሚተኮስበት እንስሳ ሬድ ዶት ገጥሞ መሄድ ገንዘብንም ዕድልንም ማባከን ነው።

ቀጥሎ የነጥቧ ስፋት ይመጣል። ስፋቱ የሚለካው በኤም ኦ ኤ ነው፤ ይህም የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ሲሆን በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባለ 2 ኤም ኦ ኤ ነጥብ በ100 ሜትር ወደ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 6 ደግሞ ከ17 ሴንቲ ሜትር በላይ ትሸፍናለች። በ50 ሜትር ግማሹ ነው። ትልቋ ቶሎ ትታያለች፤ ትንሿ ዒላማውን አትደብቅም። ለሙስ ወይም ለከርከሮ ስፋቱ ያን ያህል አያሳስብም። ተርኪ የተባለውን የዱር ወፍ በሾትጋን ለሚያድን ግን ያሳስባል፦ ባለ 6ቷ ነጥብ በ40 ሜትር 7 ሴንቲ ሜትር ስለምትሸፍን የወፉን ጭንቅላት ሙሉ በሙሉ ልትውጠው ትችላለች። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ባለ 2ቷን እመርጣለሁ፤ ብርሃኗ ሲጨመር ሰፋ ብላ ስለምትታይ ለፈጣን ተኩስም ትበቃለች።

የብርሃን ነገር ከተነሳ፣ በራሳቸው ብርሃናቸውን የሚያስተካክሉትን በጥንቃቄ ይመልከቷቸው። የሚለኩት ብዙውን ጊዜ ጠመንጃው ያለበትን ብርሃን እንጂ እንስሳው የቆመበትን አይደለም። አዳኙ በጥቁር ጥላ ውስጥ ቆሞ ፀሐይ ወዳረፈበት ሜዳ ሲያነጣጥር መሣሪያው «ጨለማ ነው» ብሎ ነጥቧን ያደክማታል፤ ፀሐያማው ሣር ላይ ትጠፋለች። ከሜዳ ወደ ጨለማ ደን ሲያነጣጥር ደግሞ እጅግ ደምቃ እንስሳውን ትጋርዳለች። በእጅ የሚስተካከል ቁልፍ ያለው፣ ያውም በጓንት የሚነካ፣ ለአደን ይመረጣል።

ሻጮች ብዙ የማያነሱት ጉዳይ የገዢው ዓይን ነው። አስቲግማቲዝም የተባለው የዓይን ችግር ያለበት ሰው ነጥቧን ክብ አድርጎ አያያትም፤ እንደ ኮከብ የተበተነች ወይም ጭራ ያወጣች ትመስለዋለች። ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የዓይን ለመለየት በስልክ ካሜራ በመስተዋቱ በኩል ነጥቧን ፎቶ ማንሳት ነው። በፎቶው ላይ ክብ ከሆነች መሣሪያው ደኅና ነው። ብርሃኑን መቀነስ ወይም የሐኪም መነጽር ማድረግ ሊረዳ ይችላል፤ ካልረዳ ምልክቱ በመስተዋቱ ላይ የተቀረጸበትን የፕሪዝም ማነጣጠሪያ መሞከር ይበጃል።

ክፍትና ዝግ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። ክፍቱ ትንሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን መብራቷ ባለችበት ጉድጓድ የዝናብ ጠብታ፣ በረዶ ወይም ቅጠል ከገባ ነጥቧ ትበታተናለች ወይም ትጠፋለች። ለደረቅ አየርና ለተኩስ ሜዳ ይበቃል። በዝናብና በበረዶ ለሚያድን ያለ ማመንታት ዝጉን እመክራለሁ፤ ክብደቱ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ባትሪው ዛሬ ብዙም አያስጨንቅም። አይምፖይንት ማይክሮ ኤች 2 በአንድ ሲአር 2032 ባትሪ 50,000 ሰዓት ማለትም ከአምስት ዓመት በላይ እንደሚሠራ አምራቹ ይገልጻል። ርካሾቹ ይህን ያህል ላይቆዩ ይችላሉ፤ የሁሉም ባትሪ በብርድ ይደክማል። በየዓመቱ አደን ከመከፈቱ በፊት መለወጥና አንድ ትርፍ በኪስ መያዝ ይበቃል።

መያዣው ግን ያስጨንቃል። ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ጉንጭ በሰደፉ ላይ እንዳረፈ ነጥቧ ካልታየች መያዣው ከፍ ብሏል ማለት ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ወደ ትከሻዎ ያምጡትና ዓይንዎን ይክፈቱ፤ ነጥቧ መሐል ላይ ልትጠብቅዎት ይገባል። ብሎኖቹ አምራቹ ባዘዘው ልክ ካልጠበቁ ከባድ ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ላይ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በ50 ሜትር ሦስት ጥይት ተኩሶ የተመታውን መሐል መለካት ነው። ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ የማስተካከያ ጠቅታ ግማሽ ኤም ኦ ኤ ስለሚሆን በ50 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ጥይቶቹ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካሉ ስምንት ጠቅታ ወደ ላይ ይበቃል። ከዚያ በ100 ሜትር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ገንዘብዎ ውድ ማነጣጠሪያና ጥሩ መያዣ በአንድነት ለመግዛት የማይበቃ ከሆነ፣ መካከለኛ ዝግ ሬድ ዶት ከጠንካራ መያዣ ጋር ይግዙ፤ በተረፈው ጥይት ገዝተው አደኑ ከመከፈቱ በፊት ቆመው መተኮስን ይለማመዱ።