እንጃ አትበለኝ

ና እስቲ ወንድምዓለም፣ በረቱን ቶሎ አትክፈተው። ዱላውን እዚያው አቁመው፣ ስልኩንም ኪስህ ክተት። እትዬ ለህዳር ሚካኤል መጣች ብለህ ጉድ ጉድ ማለትህ ደስ ይለኛል፤ ቡናው ግን አልደረሰም፣ እስከዚያ በጎቹን አብረን እንያቸው። በል፣ አሁን ክፈት።

አየህ? ሌሎቹ እየተጋፉ ሲወጡ፣ አባባ ለፋሲካ «ይቺ ያንተ ትሁን» ብለው የሰጡህ ጥቁሯ በግ ወደ ኋላ ቀረች። ጆሮዋ ወርዷል። ትናንት ማታ ስትገባ እንዴት ነበረች?

«እንጃ።»

ታመሰኳ ነበር?

«እንጃ እትዬ፤ ደህና ትመስለኛለች።»

በል እንግዲህ፣ የዛሬው ምክሬ በዚህች ቃል ላይ ነው። እንጃ የሚል ሰው በግ አለው እንጂ በግ አይጠብቅም። አባባ ባለቤት አድርገውሃል፤ ጠባቂዋ መሆን ግን የራስህ ሥራ ነው፣ እሱን ማንም አይሰጥህም። ደግሞ ከብት አይናገርም የሚሉህን አትስማ። በጆሮው፣ በአፍንጫው፣ በፋንድያው፣ በአቋሙ ሲናገር ይውላል፤ የሚሰማው ሲያጣ ነው የሚሞተው።

ያዛት። ቀስ፣ በጸጉሯ አትጎትታት፣ ያማታል! አንድ እጅህን ከአገጯ ሥር፣ አንዱን ከኋላዋ አድርግ። አዎ፣ እንደዚያ። አሁን የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣትህ ሳብ አድርገው። ውስጡ ምን ይመስላል? ነጭ ነው። የዚያችኛዋንም አይተህ አወዳድር፤ የጤነኛ በግ እንደዚያ ቀላ ያለ ነው። ነጭ ከሆነ ደሟ አልቋል፣ ውስጧ ደሟን የሚጨርስ ትል ሊኖር ይችላል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከመንጋጋዋ ሥር ዳስሳት። ውሃ የቋጠረ እብጠት አገኘህ አይደል? አባቶቻችን ኩልኩልት የሚሉት ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ የጉበት ትል ሥራ።

ከየት አመጣችው? ከመስቀል ወዲህ የት እንደምታሰማራቸው አውቃለሁ፤ ከወንዙ ዳር፣ ከረግረጉ። ሣሩ ለምለም ነው፣ ላንተም ጥላ አለው። ግን እዚያ ረግረግ ውስጥ ትንሽዬ ቀንድ አውጣ ትኖራለች። የትሉ ጫጩት በእሷ ውስጥ ያድግና ወጥቶ ውሃው ዳር ያለው ሣር ላይ ይጣበቃል። በጓ ስትግጥ አብራ ትውጠዋለች፤ ከዚያ ጉበቷን እየበሳ ያድጋል። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ በጉ ሁሉ ወደዚያች እርጥብ ቦታ ይሰበሰባል፤ ችግሩም ያኔ ነው። ስለዚህ ረግረጉን በእሾህ እጠረው። ሣሩ ካሳሳህ አጭደህ፣ በደንብ አድርቀህ ስጣቸው። ጠዋትም ጤዛው ሳይረግፍ አታውጣቸው፤ የሆድ ትል ጫጩት እርጥበቱን ተከትሎ ነው ወደ ሣሩ ጫፍ የሚወጣው።

ታዲያ ገበያ ሮጠህ፣ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ክኒን ገዝተህ እንዳትመጣ። የትል መድኃኒት ሁሉ የጉበት ትልን አይገድልም፤ ያደገውን ገድሎ ትንሹን የሚተወውም አለ። እርጉዝ ከሆነች ጽንሱን የሚጎዳ አለ። መጠኑ የሚታዘዘው በክብደቷ ነው፤ «ግማሹ ይበቃታል» ብለህ ከቆጠብክ፣ ደካማውን ትል ገድለህ ጠንካራውን ለዘር አስቀረህ ማለት ነው። ላም ስታሳክም ደግሞ ወተቷ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ባለሙያውን ጠይቅ። በዚያ ሰሞን የታለበውን ለጎረቤት መሸጥ ነውር ነው፣ የሚጠጣው የሰው ልጅ ነው።

እኔ አዋቂ ሆኜ የተወለድኩ እንዳይመስልህ። ባንተ ዕድሜ ሳለሁ ቡሬ የምንላት ላም ነበረችን። አንድ ምሽት ወለደች። እንገር ሲፈላ እንዴት እንደሚጣፍጥ ታውቃለህ፤ እኛ ልጆቹ ማሰሮውን ይዘን ነበር የምንጠብቀው። እማዬ «መጀመሪያ ጥጃዋ ትጥባ» ብላኝ ወደ ጎረቤት ወጣች። ጥጃዋ መቆም አቅቷት ትንገዳገዳለች፤ እኔ ደግሞ ማሰሮውን ሞልቼ መመስገን አምሮኛል። ጥጃዋን አስሬ አለብኩ። እማዬ ስትመለስ «ጠባች?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ጥጃዋ ጡት የቀመሰችው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። በአምስተኛው ቀን አስቀመጣት፣ በስምንተኛው ሞተች። ቡሬም ጥጃዋን ካላየች ወተቷን አላወርድ አለች፤ አያታችን የጥጃዋን ቆዳ ጭድ ሞልተው ፊቷ አቆሙላት። ያንን የጭድ ጥጃ ስትልስ እያየሁ ማለብ የኔ ሥራ ሆነ። ወራት አለብኩ፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ዛሬ ላንተ ተናገርኩ።

ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። ጥጃ ስትወለድ በሽታ የምትከላከልበት ነገር በሰውነቷ የለም፤ ያለው በእናቷ እንገር ውስጥ ነው። አንጀቷ ያንን መከላከያ የሚያሳልፈው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። 24 ሰዓት ካለፈ በሩ ተዘጋ፤ ዋናዎቹ የመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ናቸው። ለግልገልም ያው ነው። ስለዚህ በግ ስትወልድብህ ሌሊትም ቢሆን ተነስ፤ ግልገሉ ጡቷን መያዙን በዓይንህ እይ፣ እምቢ ካለ አልበህ አጠጣው። እትብቱንም አዮዲን ቀባው፣ በሽታ በዚያ በኩል ይገባልና። እንገሩን አትብሉ አላልኩም፤ ከጥጃዋ የተረፈውን ብሉ።

ክትባት ሲመጣ «እረኝነት ላይ ነበርኩ» እያልክ እንዳታሳልፍ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ፤ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የሚባሉት በሽታዎች ከያዙ በኋላ ፋታ አይሰጡም። ከብት በድንገት ሞቶ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው የማይረጋ ደም ካየህ ቢላ አታንሳ። ሥጋው ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ግን አትግፈፈው፣ አትቅደደው፣ ለውሻም አትስጠው፤ ባለሙያ ጥራና በጥልቅ ይቀበር። የአባ ሰንጋ ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርታት ይቆያል፤ የበላውንም፣ ቆዳውን የገፈፈውንም ሰው ይይዛል።

ክትባት ምን ዋጋ አለው ካልክ የክፉ ቀንን ታሪክ አስታውስ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 አገሩን የፈጀው ረሃብ የመጣው በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር በተዛመተው የደስታ በሽታ ነው። በሬው አለቀ፣ እርሻው ጾም አደረ፣ ሰውም ተከተለ። ያ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጥፋቱ ታወጀ። የጠፋው በክትባት ነው። አፋር በረሃ ውስጥ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች መንጋውን እየተከተሉ ከትበዋል። ካንተ የሚጠበቀው በጎችህን ይዘህ በሰዓቱ መገኘት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ትናንት ማታ ለአባባ ስትነግራቸው የሰማሁት ነገር አለ። «ያንን ትልቁን አውራ በግ ለገና ልሽጠው፣ ጥሩ ያወጣል» አልክ። ያወጣል። ግን እስቲ አስበው፤ በየዓመቱ ቶሎ ያደገው፣ ደረቱ የሰፋው ለበዓል ይሸጣል። ቤት የሚቀረው ገዢ ያጣው ኮሳሳው ነው፣ በጎቹንም የሚያጠቃው እሱ ነው። ከዚያ «የዘንድሮ ግልገል ምነው አነሰ» እንላለን። ዘሩን የሸጥነው እኛው ነን! እዚሁ መንዝ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ግልገሎቹን እየመዘኑ፣ የተሻለውን አውራ ለዘር አስቀርተው ለመንደሩ በጋራ ይጠቀሙበታል። ብልሃቱ ሚዛን፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ያንን አውራ አትሽጠው፤ ሁለተኛውን ሽጠው። የዘንድሮው ገንዘብ ቢቀንስ የከርሞው ግልገል ይክስሃል።

ደብተር ካልኩ አይቀር፣ ከትምህርት ቤት ደብተሮችህ አንዱን ለበጎቹ አድርገው። የትኛዋ መቼ ተጠቃች፣ መቼ ወለደች፣ መቼ ተከተበች፣ ምን መድኃኒት ወሰደች። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ያህል ነው። የተጠቃችበትን ቀን ከጻፍክ የምትወልድበትን ታውቃለህ፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፉርሽካና ጨው ጨመር ታደርግላታለህ። ድርቆሹንም ከርሞ ገለባ እስኪሆን አትጠብቀው፤ ሣሩ ሲያብብ፣ በጥቅምት ካጨድከው ኃይሉ ውስጡ ነው።

ዱላህን ደግሞ ለጅብና ለተኩላ አስቀምጠው። የተመታ በግ ሲያይህ ይሸሻል፤ የሚሸሽህን በግ ዓይኑን ገልጠህ ማየት አትችልም። ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚወሰደውም ተይዞ ነው።

በል ገመድ አምጣ። ጥቁሯን ሳናስሮጣት፣ እያሳረፍናት እንወስዳታለን። ትድናለች ብዬ አልምልልህም፣ ዘግይተናል። ማታ በጎቹ ሲመለሱ ግን አንተ በሩ ላይ ቁም፤ አንድ በአንድ ቁጠራቸው፣ ማን እንዳነከሰ፣ ማን እንዳሳለ፣ ማን እንዳላመሰኳ እይና ጻፍ። እኔ እስከ እሑድ እዚህ ነኝ፤ በየጠዋቱ ቡና ሳይፈላ እጠይቅሃለሁ። ያላወቅኸውን «ቆይ ልየው» በለኝ፤ እንጃ ግን አትበለኝ።