ከዓለማያ እስከ ናይሮቢ፦ ዶክተር ሰገነት ቀለሙና የዘረመል ጥናታቸው

በሐረር ጀጎል፣ ስሙ «የፈረስ ገበያ» ማለት በሆነው በፈረስ መጋላ፣ አንዲት ቲማቲም ሻጭ እናት ነቁጥ የያዘውን ፍሬ ከጤነኛው እየለዩ «ልጄ፣ የጎረቤቴ ማሳ ደኅና ሆኖ የእኔ ለምን ታመመ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛ የፊዚክስ መምህር ነንና በቂ መልስ አልነበረንም። ይህን መሰሉን ጥያቄ የሕይወት ሥራቸው ያደረጉ ኢትዮጵያዊት ሳይንቲስት ግን ከዚያ አደባባይ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቀድሞው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተምረዋል። በዚህ ጽሑፍ እርሳቸውን ለአንባብያን እናስተዋውቃለን።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ እ.ኤ.አ. በ1957 በጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ተወለዱ። ልጃገረዶች ገና በለጋ ዕድሜያቸው በሚዳሩበት አካባቢ አድገው፣ ከዚያ አካባቢ ኮሌጅ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1979 ከዓለማያ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። በአሜሪካም በ1985 ከሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1989 ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ከ1992 ጀምሮ ለአሥራ አምስት ዓመታት በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ማዕከል ተመራማሪ ነበሩ።

ሙያቸው የዕፅዋት በሽታ ጥናት ሲሆን፣ ዋና መሣሪያቸው ዘረመል ነው። ነገሩን እንዲህ እንመልከተው። በእያንዳንዱ የተክል ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ፣ ተክሉ በሽታን የሚከላከልበትን መመሪያ ጭምር ይይዛል። በሽታ አምጪው ፈንገስም የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ አንዳንዱ ዓይነት የተክሉን መከላከያ ያልፋል፣ ሌላው ግን ይገታል። ስለዚህ ከአየሩና ከእርጥበቱ በተጨማሪ የዘሩ ዓይነትና የፈንገሱ ዓይነት የማሳውን ዕጣ ይወስናሉ። በአንድ ሀገር የትኛው የፈንገስ ዓይነት እንዳለ ሳይታወቅ በሽታን የሚቋቋም ዘር መምረጥ በጨለማ እንደ መወርወር ነው። ዶክተር ሰገነትም ስታይሎሳንተስ በተባለው የመኖ ተክል ላይ የሚደርሰውን አንትራክኖስ የተባለ በሽታ ያጠኑት በዚሁ መንገድ፣ የፈንገሱን ዓይነቶች በመለየት ነበር።

ብራኪያሪያ በተባለው የግጦሽ ሣር ላይ ያካሄዱት ምርምር ደግሞ ፈንገስ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ ያሳያል። በሣሩ ውስጥ ሳይጎዳው የሚኖር ፈንገስ፣ በሽታ አምጪ የሆኑ ሌሎች ፈንገሶችን እንደሚገታ ከባልደረቦቻቸው ጋር አረጋግጠዋል።

ይህ ሣር የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ይሁን እንጂ በሰፊው የተመረመረውና የተሻሻለው በላቲን አሜሪካ ነው፤ በብራዚል ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር ይሸፍናል። ዶክተር ሰገነት በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው፣ በናይሮቢ የሚገኘውን የምሥራቅና ማዕከላዊ አፍሪካ የባዮሳይንስ ማዕከል መሩ። ማዕከሉም የብራኪያሪያን ዝርያዎች በምሥራቅ አፍሪካ የሚፈትን ምርምር አካሂዷል። ከ2013 እስከ 2023 ደግሞ መቀመጫውን በዚያው ከተማ ያደረገውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል፤ ለዚህ ኃላፊነት የበቁ የመጀመሪያዋ ሴትም ናቸው። በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጣቸው።

እኛም በውጭ ሀገር ተምረን የተመለስን በመሆናችን ይህ ታሪክ ይመለከተናል። የሐረርጌ ማሽላና ቡና በገበሬው ማሳ ላይ የያዙት የዘር ሀብት ብዙ ነው። በገዛ ልጆቻችን ካልተጠና ግን እንደ ሣሩ ዕውቀቱን ከሩቅ መጠበቅ ግድ ይሆንብናል። ሴት ልጆችን ከቤተ ሙከራ ያራቀ ኅብረተሰብም የአጥኚዎቹን ቁጥር በገዛ እጁ በግማሽ ይቀንሳል።

ለእናታችንስ ምን እንመልስ? የታመመውን ቅጠል፣ ከራስዎና ከጎረቤትዎ ዘር ጋር ይዘው ወደ ግብርና ባለሙያ ይሂዱ፤ ልጅዎንም፣ ሴት ብትሆንም፣ ያስተምሯት እንላለን። የጥያቄዎ ሙሉ መልስ አንድ ቀን ከእርስዋ ሊመጣ ይችላልና።