የኦርኪድ አበባ ክፍሎችና ስማቸው

አበባ ማለት ተክል ዘሩን የሚያዘጋጅበት ክፍል ነው። በዚህ ትምህርት የቫኒላን አበባ ሥዕል ሠርተን የክፍሎቹን ስም እንጽፋለን። ቫኒላ ኦርኪድ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ሲሆን በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ሐረግ ነው፤ በጣፋጭ ምግብ ውስጥ ለመልካም ሽታ የሚጨመረው ቅመም ከፍሬው ይገኛል። ኦርኪዶች በአገራችንም አሉ። በከፋና በኢሉባቦር ጫካ ሥራቸውን በዛፍ ቅርፊት ላይ አጣብቀው የሚኖሩ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ይገኛሉ። ሰው ሲያያቸው የዛፉን ወዝ የሚመጡ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዛፉ መቀመጫቸው ነው እንጂ ምግባቸው አይደለም፤ ውሃቸውን የሚያገኙት ከዝናብና ከጉም ነው።

አስቀድማችሁ የተልባን አበባ ቀጥፋችሁ ተመልከቱ። ከውጭ አምስት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች፥ ከውስጥ አምስት ሰማያዊ ቅጠሎች አሉት። በመካከሉ አምስት የወንዴ ዘንጎች ቆመዋል፤ በየጫፋቸውም የአበባ ዱቄት ይገኛል። ከእነርሱ መካከል ሴቴው ክፍል አለ፤ ታችኛው ድቡልቡል ነገር የዘር ማኅፀን ሲሆን፥ ኋላ የተልባው ፍሬ የሚሆነው እርሱ ነው። በተልባ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ስለ ቆመ ስሙን ለመጻፍ አያስቸግርም። የኦርኪድ ክፍሎች ግን እኩሌቶቹ እርስ በርሳቸው የተዋሐዱ፥ እኩሌቶቹም መልካቸውን የለወጡ ናቸውና ዐይንን ያታልላሉ።

እንግዲህ ሥዕሉን እንጀምር። መጀመሪያ ሦስቱን የውጭ ቅጠሎች ሥላችሁ «ሀ» በሏቸው። ቀጥሎ የውስጥ ቅጠሎች አሉ፤ እነርሱም ሦስት ናቸው። ሁለቱ በቫኒላ አበባ ከውጭዎቹ ጋር በመልክ ሊለዩ ጥቂት ይቀራቸዋል፤ «ለ» በሏቸው። ሦስተኛው እንደ መለከት የተጠቀለለ ነው፤ ከንፈር ይባላል፥ ፊደሉም «ሐ» ይሁን። ብዙ ተማሪ ይህን ክፍል እንግዳ ነገር አድርጎ ስለሚቈጥረው የውስጥ ቅጠሎች ሁለት ብቻ ናቸው ይላል፤ ቈጠራው ግን ሦስት በሦስት ነው። በብዙዎቹ ኦርኪዶች ከንፈሩ በእንቡጡ ጊዜ ወደ ላይ የነበረ ሲሆን፥ አበባው ሊከፈት ሲል ራሱን አዙሮ ከንፈሩን ወደ ታች ያመጣዋል፤ የሚመጣው ነፍሳት እንዲያርፍበት ይመቻልና።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። የቫኒላ ከንፈር ውስጡን ስለሚሸፍነው አበባው ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰንጥቆ የሚታይበት ሁለተኛ ሥዕል ያስፈልጋል። በመካከሉ አንድ ቀጭን ዘንግ ታያላችሁ፤ ስሙ ዓምድ ነው፥ «መ» በሉት። በተልባ ተለያይተው ያየናቸው ወንዴውና ሴቴው በዚህ ዓምድ ውስጥ አንድ ሆነዋል። ከጫፉ ላይ ዱቄቱን የያዘው ራስ «ሠ» አለ፤ ከእርሱም በታች ዱቄቱን የሚቀበለው አጣባቂ ስፍራ «ረ» ይገኛል። በሁለቱ መካከል ምላስ የመሰለ ስስ ግርዶሽ «ሰ» ተዘርግቶአል። ዱቄቱ በቅርብ ሳለ ወደ ተቀባዩ እንዳይደርስ የሚከለክለው ይህ ነው። ከቅጠሎቹ ሁሉ በታች ያለው አረንጓዴ ዘንግ ደግሞ የአበባው እጀታ ይመስላል፤ እርሱ ግን የዘር ማኅፀን «ሸ» ነው፥ ኋላ ረጅሙ የቫኒላ ፍሬ ይሆናል።

የስም መሥመሮችን በማስመሪያ አስምሩ፤ እርስ በርሳቸው አይተላለፉ። የመሥመሩም ጫፍ ክፍሉን ይንካ፤ በአየር ላይ የቀረ መሥመር ምንም አያመለክትም። በተለይ የ«ሠ»ን፥ የ«ረ»ንና የ«ሰ»ን መሥመሮች በጥንቃቄ ለዩ፤ የቫኒላ ፍሬ ማግኘትና ማጣት በእነዚህ በሦስቱ ላይ የቆመ ነውና።

ቫኒላ የተገኘው ከሜክሲኮ ደን ነው፤ በዚያ ንቦች ግርዶሹን አልፈው ዱቄቱን ያደርሱለታል። ተክሉ ወደ ሌላ አገር በተወሰደ ጊዜ ግን ያብብ ነበር እንጂ አያፈራም ነበር፤ አበባውም ጠዋት ተከፍቶ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ሻርል ሞረን የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ በእጁ አፍርቶት ነበር፤ መንገዱ ግን ለአትክልተኞች የሚመች አልሆነም። በ1841 በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በሬዩኒዮን ደሴት ኤድሞን የተባለ በባርነት የተወለደ የ12 ዓመት ልጅ ቀላሉን መንገድ አገኘ። ከንፈሩን ቀደደ፤ በቀጭን ስንጥር ግርዶሹን ወደ ላይ አነሣ፤ በአውራ ጣቱም የዱቄቱን ራስ በተቀባዩ ላይ ተጫነው። አበባውም አፈራ። በደሴቲቱ ባርነት በ1848 ሲቀር አልቢዩስ የሚባል የቤተ ሰብ ስም ተሰጠው፤ ሥራው ብዙዎችን ሲያበለጽግ እርሱ ግን በ1880 በድህነት ሞተ። ቫኒላን ከሁሉ አብልጣ በምታመርተው በማዳጋስካር ዛሬም አበባው አንድ በአንድ በሰው እጅ የሚዳሰሰው በዚሁ መንገድ ነው።

በሁለተኛው ሥዕላችሁ ላይ የልጁ ስንጥር የቱን ፊደል እንዳነሣ በቀስት አመልክቱ፤ አውራ ጣቱ የትኛውን ፊደል በየትኛው ላይ እንደ ተጫነም ከሥዕሉ በታች በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።