ከፎቶው ጠርዝ የቀሩት፦ ስለ አሮጌ ሰፊ ሌንሶች አመራረጥ



ባለፈው ዓመት መጽሔታችን ላይ የወጣውን የአራተኛ ክፍል የቡድን ፎቶ ያያችሁ ሁሉ ስሕተቱን ሳታስተውሉት አልቀራችሁም። በግራ ጠርዝ ያለው ልጅ ትከሻው ተቆርጧል፤ በቀኝ ጠርዝ ያለችው ልጅ ደግሞ የምትታየው ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው። ያንን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዝናብ ስለነበር ወደ ግቢ መውጣት አልተቻለም። ጀርባዬ የክፍሉን ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ልጆቹ ግን ሁሉም አልገቡልኝም። «ተጠጋጉ፣ ተጠጋጉ» እያልኩ አነሣሁና ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ።

መጽሔቱ ከታተመ በኋላ የልጅቷ እናት ቢሮዬ መጡ። አልተቆጡም። ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ ‹እማዬ፣ እኔ ፎቶው ውስጥ አለሁ ወይስ የለሁም?› አለችኝ፤ ምን ብዬ ልመልስላት?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። የዚህ ዓመት ጽሑፌ ለእርሳቸው ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከካሜራችን ጋር የመጣው ሌንስ ወድቆ ሲሰበር ነው። በእጃችን የቀረው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ ነበር፤ እርሱ ለአንድ ሰው ፊት ጥሩ ሆኖ ለአንድ ክፍል ልጆች ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ከፎቶ ክበባችን ተማሪዎች ጋር ሰፊ ሌንስ ፍለጋ ገባን። ገንዘባችን ጥቂት ስለነበር በፊልም ዘመን ወደተሠሩት፣ ፎከሳቸው በእጅ እየተጠመዘዘ ወደሚስተካከለው አሮጌ ሌንሶች ዞርን። በመንገዳችን የተማርነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

፩. ቁጥሩ ብቻውን ስፋትን አይናገርም

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን በጨርቅ የተጠቀለለ ሌንስ ይዛ መጣች። አያቷ በወጣትነታቸው ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት ሄደው ሲመለሱ ከዜኒት ካሜራ ጋር ያመጡት ነው። ሌንሱ «ሚር 1» ይባላል። በሩሲያኛ «ሚር» ማለት ሰላም ነው፤ ዓለም ማለትም ይሆናል። ቁጥሩ 37 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ የብርሃን ቀዳዳው ኤፍ 2.8 ነው። ይህ የሌንስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1958 በብራስልስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ቀለበት ላይ ይኸው ተቀርጾ ይገኛል። በዘመኑ ሰፊ ሌንስ ይባል ነበር።

አዳፕተር ገዝተን በትምህርት ቤቱ ካሜራ ላይ ገጠምነው። ልጅቷ አየችና ቅር አላት። «ጋሼ፣ ሰፊ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ፊልም ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ነበር። የእኛ ካሜራ ሴንሰር ግን ስፋቱ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው። ሌንሱ የሚያመጣው ምስል ያው ሆኖ ሳለ ትንሹ ሴንሰር የመሃሉን ብቻ ይቀበላል፤ ዳር ዳሩ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ባለ 37ቱ ሌንስ በእኛ ካሜራ ላይ የሚያሳየው፣ በፊልም ካሜራ ላይ ባለ 59 ሌንስ ሊያሳይ የሚችለውን ያህል ነው። ባለ 28ቱም ወደ 45 ይጠጋል። «ሰፊ» የሚለው ስም የተሰጠው ለፊልሙ መጠን ነበርና ሴንሰሩ ሲያንስ ስሙ አብሮ አይሠራም። ሴንሰሩ የፊልሙን ያህል የሆነ፣ ሙሉ ፍሬም የሚባለው ካሜራ ያለው ሰው ግን አሮጌው ሌንስ እንደ ጥንቱ ይሰፋለታል።

፪. መጀመሪያ ክፍሉን ለኩ

ሒሳብ ክፍል ስለ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ስትማሩ «ይህ ምን ይጠቅመናል?» የምትሉ ተማሪዎች አላችሁ። እነሆ ጥቅሙ። ካሜራው ውስጥ ያለው ትንሽ ሦስት ማዕዘንና ከካሜራው ፊት ያለው ትልቅ ሦስት ማዕዘን ተመሳሳይ ናቸው። ስለዚህ፦

የሚታየው ስፋት = ርቀት × የሴንሰር ስፋት ÷ የሌንስ ቁጥር

ያን ዕለት ከፊተኛው ረድፍ 6 ሜትር ርቄ ነበር። በ50ው ሌንስ የሚታየኝ ስፋት 6 × 22.3 ÷ 50 = 2.68 ሜትር ነው። በረድፉ 7 ልጆች ነበሩ። ለአንድ ልጅ 45 ሳንቲ ሜትር ብንይዝ 3.15 ሜትር ያስፈልግ ነበር። የጎደለው 47 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በግራ ግማሽ ልጅ፣ በቀኝ ግማሽ ልጅ ማለት ነው። ፎቶው ላይ የተቆረጠውም ልክ ይኸው ነው። «ተጠጋጉ» ከማለቴ በፊት ሁለት ደቂቃ ወስጄ ብለካ ኖሮ አውቀው ነበር።

ልጅቷ ወዲያው የአያቷን ሌንስ ሒሳብ ሠራች፦ 6 × 22.3 ÷ 37 = 3.62 ሜትር። በየጎኑ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። ስሙ ሰፊ መሆኑ ቢቀርም ለአራተኛ ክፍል ይበቃል! የአንደኛ ክፍል መማሪያ ግን ጠባብ ነው፤ የምንርቀው 4 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ 37ቱ 2.41 ሜትር፣ 28ቱ 3.19 ሜትር፣ 24ቱ 3.72 ሜትር ያሳያል። ባለ 28ቱ ለ7 ልጆች ገባ ቢባልም በጭንቅ ነው። ስለዚህ የምንገዛው ባለ 24 መሆን እንዳለበት ሱቅ ሳንረግጥ አወቅን።

እዚህ ላይ ለወላጆች በቅንነት መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በትንሽ ሴንሰር ካሜራ የቤተሰብ ፎቶ ማንሣት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከካሜራ ጋር የሚመጣው ተራው ከ18 እስከ 55 የሚዘረጋው ሌንስ በ18ቱ ላይ ከ4 ሜትር ርቀት ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያሳያል። ያገለገለውን በርካሽ ታገኙታላችሁ፤ ፎከሱንም ራሱ ያደርጋል። አሮጌውን የመረጥነው ክበቡ የመማሪያ ቦታ ስለሆነ ነው። ርቀትን በዓይን ገምቶ ቀለበት የሚያዞር፣ ቀዳዳውን በጣቱ የሚያጠብ ልጅ ካሜራው ምን እያደረገ እንዳለ ይገባዋል።

፫. ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?

እያንዳንዱ ካሜራ ሌንሱ ከሚያርፍበት ቀለበት እስከ ሴንሰሩ ድረስ የተወሰነ ርቀት አለው። አዳፕተር መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም። ደንቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሌንሱ የተሠራለት ርቀት ከካሜራችሁ ርቀት መብለጥ አለበት።

መስታወት ያለው የካኖን ዲጂታል ካሜራ ርቀቱ 44 ሚሊ ሜትር ነው። እንደ አያቷ ሌንስ ባለ ኤም 42 ጥርስ የሆኑት 45.46፣ የኒኮን ሌንሶች 46.5፣ የኦሊምፐስ ኦኤም ሌንሶች 46 ስለሆኑ በቀጭን አዳፕተር ይገጥማሉ። የሚኖልታ 43.5 እና የካኖን የራሱ አሮጌ ኤፍዲ 42 ሚሊ ሜትር ግን ያንሳሉ፤ ቢገጥሙም ሩቁን ነገር ጥርት አድርገው አያሳዩም። ውስጡ ተጨማሪ መነጽር ያለበት አዳፕተር ይሸጣል፤ ነገር ግን የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። መስታወት ያለው የኒኮን ካሜራ ርቀቱ 46.5 ስለሆነ ለሌሎች ሌንሶች አይመችም። ሚረርለስ የሚባሉት መስታወት አልባ ካሜራዎች ደግሞ፣ የኒኮን ዜድ 16፣ የሶኒ ኢ 18፣ የካኖን አር 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆኑ አሮጌውን ሌንስ ሁሉ ለማለት ይቻላል ይቀበላሉ።

ይህ መስታወት የሌንሱንም አሠራር ለውጦታል። ሰፊ ሌንስ በተፈጥሮው ወደ ፊልሙ መጠጋት ይፈልጋል፤ መስታወቱ ግን ቦታውን ይዞታል። ፈረንሳዊው ፒየር አንጄኒዩ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው ሌንስ ከፊት ብርሃኑን የሚበትን መነጽር አስቀምጦ ችግሩን ፈታ። አሮጌ ሰፊ ሌንሶች የፊት መነጽራቸው ትልቅ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

፬. ሱቅ ውስጥ ምን እንይ?

ጊኮምባ ገበያ ሚቱምባ ስንገዛ ልብሱን ገልብጠን ስፌቱን እናያለን። ሌንስም እንዲሁ ነው። እኔ ከዓመታት በፊት ውጪው የሚያብረቀርቅ ሌንስ ገዝቼ፣ ቤት ስደርስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ። ሻጋታ ነበር። ጥፋቱ ሳላይ የከፈልኩት የእኔ ነው።

የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት በኩል በሰያፍ ተመልከቱ። ድር የመሰለ ሻጋታ ወይም ወተት የፈሰሰበት የመሰለ ጭጋግ ካለ ተዉት። ጥቂት አቧራ ወይም ከፊት ያለች ቀጭን ጭረት ግን ፎቶውን ብዙ አትጎዳም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ትረዳለች። የቀዳዳውን ቀለበት ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ ምላጮቹ ዘይት ሳይነካቸው ቶሎ መከፈትና መዘጋት አለባቸው። የፎከሱ ቀለበት ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይጠብቅም ሳይላላም መዞር አለበት። በመጨረሻ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በር ላይ ቆማችሁ ሩቅ ያለ ሕንፃ አንሡና የፎቶውን አራት ማዕዘኖች አጉልታችሁ እዩ።

እኛ የመረጥነው ያገለገለ የኒኮን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ነው። ይህ ሌንስ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ ቅርብ ያለውንም አጥርቶ እንዲያሳይ ፎከስ ሲደረግ በውስጡ ያሉት መነጽሮች እርስ በርስ ያላቸውን ርቀት ይለውጣሉ።

ከገዛችሁ በኋላ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ዘግታችሁ በጨለማ መሳቢያ አታስቀምጡት። ናይሮቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ረጅም ዝናብ ሻጋታ የሚወደው ይህን ነው። አየር የሚያገኝ ቦታ፣ እርጥበት ከሚመጥጡት ትንንሽ ከረጢቶች ጋር ይቀመጥ፤ አዘውትራችሁም ተጠቀሙበት።

፭. አጠቃቀሙ

አንዳንድ አዲስ ካሜራ «ሌንስ የለም» ብሎ እንቢ ይላል፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ ፍቀዱለት። አሮጌ ሰፊ ሌንስ ቀዳዳው ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፤ ኤፍ 8 ላይ ብዙውን ጊዜ ይጠራል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ስለሚፈዝ ጥላ ይሠራለት። ባለ 24ቱን በእኛ ካሜራ ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ ፎከሱን 3.6 ሜትር ገደማ ብታስቀምጡት፣ ከ1.8 ሜትር እስከ ሩቁ ድረስ ያለው ሁሉ በበቂ ሁኔታ ይጠራል። ሌንሱ ላይ የተቀረጹት የጥራት ምልክቶች ለፊልም የተሰሉ ናቸው፤ ለትንሽ ሴንሰር ኤፍ 11 ላይ ስታነሡ የኤፍ 8ን ምልክት አንብቡ። ክፍሉ ከጨለመ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ፤ ልጆች አይረጉምና ፍጥነቱን አታዘግዩት።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ሁሉ ልኬት የምነግራችሁ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ማን እንደሚታይና ማን እንደሚቀር ስለሚወስን ነው። የዚህችው የናይሮቢ ልጅ የሆነው መሐመድ አሚን በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል፣ ዓለም ሳያይ የቀረውን ወገናችንን ረሃብ በየሰው ቤት አስገባው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን አጥቶም ወደ ሥራው ተመልሷል። ሕዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመጣ በተጠለፈው አውሮፕላን ሕይወቱ አለፈ። የእኛ ሥራ ከእርሱ ሥራ ጋር የሚተካከል አይደለም፤ ኃላፊነቱ ግን አንድ ዓይነት ነው።

የቤት ሥራ፦ የቤታችሁን ሳሎን ርዝመት በሜትር ለኩ። የቤተሰባችሁን ቁጥር በ45 ሳንቲ ሜትር አባዙ፤ ለትልልቆች 55 ያዙ። ሁሉም ሳይቆረጡ እንዲገቡ ስንት ቁጥር ሌንስ እንደሚያስፈልግ ከላይ ባለው ቀመር አስሉ። መልሳችሁን ለፎቶ ክበቡ አምጡ።

በዚህ ዓመት መጽሔት የምታዩትን የአምስተኛ ክፍል ፎቶ ያነሣችው ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ያነሣችበትም የአያቷ ሌንስ ነው። አያቷ ዛሬ በሕይወት የሉም። ባለፈው ዓመት ግማሽ ፊቷ ብቻ የታየችውን ልጅ ዘንድሮ መሃል እንድትቆም ጠየቅናት። እንቢ አለችና እዚያው በቀኝ ጠርዝ ቆመች። ገጹን ገልጣችሁ እዩ፤ ከአጠገቧ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ባዶ ግድግዳ ተርፏል።