በፎቶግራፍ ጠርዝ ላይ የሚታየውን ባዕድ ቀለም ስለ ማጥፋት

ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድምር መሆኑ ይታወቃል። የካሜራ ሌንስ ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ ስለሚሰብረው ቀለማቱ በአንድ ቦታ አይገጥሙም። በዚህም ምክንያት በብሩህ ሰማይ ላይ የተነሣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጠርዙ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ መስመር ያወጣል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ለትምህርት መርጃ ብናቀርበው ተማሪው መስመሩን የቅጠሉ ቀለም ነው ብሎ ይይዘዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ላይትሩም በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም፦

1ኛ/ ፎቶውን እስከ 100 በመቶ አጉልቶ ማዕዘኖቹን መመርመር፤ ጉድለቱ እዚያ ይብሳልና፤
2ኛ/ የሌንስ ማረሚያውን ክፍል ከፍቶ የቀለም መዛባት ማስወገጃው ላይ ምልክት ማድረግ፤
3ኛ/ መስመሩ ካልጠፋ የወይን ጠጁን ማንሸራተቻ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር።

ሲበዛ ግን የእውነተኛውን ወይን ጠጅ አበባ ጠርዝም ያገረጣል። ስለዚህ ከፊተኛው ፎቶ ጋር እያስተያየን እንሥራ።