ለአዲስ አማካሪ ምን ያህል እንንገር?

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መለስ ብለው ደግሞ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይሉናል። አንዱ ተናገር፣ ሌላው ተጠንቀቅ ነው የሚለው። ጭንቀቱን ይዞ የሥነ ልቦና አማካሪን በር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያንኳኳ ሰውም የሚቆመው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁሉንም ይዘርግፈው ወይስ እየቆጠበ ይናገር? የዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ ጥያቄ ይመለከታል።

ከራሳችን እንጀምር። አንድ ጓደኛችን የማስተማር ልምምድ ሲደርስ እንቅልፍ አጣ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ሲቆም ድምፁ ይዘጋል፤ ጠመኔ የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል። ገፋፍተነው ወደ አማካሪ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

«ምን አልካቸው?» አልነው።

«ራሴን ያመኛል አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ውኃ ጠጣ፣ በጊዜ ተኛ አሉኝ።»

«በቃ?»

«በቃ!»

ታዲያ አማካሪው ምን ያድርጉ? የተነገራቸው ራስ ምታት ነው፤ የመከሩትም ለራስ ምታት ነው።

የአንዲት እኅታችን ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ገና ወንበር እንደያዘች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ እያለቀሰች ተናገረች። ስትወጣ ቀለል አላት። ሌሊቱን ግን «ምን ነካኝ? ነገ ግቢ ውስጥ ባገኛቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ስትል አደረች። ሁለተኛ አልተመለሰችም። እንግዲህ አንዱ በመደበቁ፣ አንዷ ሁሉንም ባንድ ቀን በመናገሯ፣ ሁለቱም እርዳታው አመለጣቸው።

ከዚህ የምንረዳው የግልጽነት መለኪያው የተነገረው ነገር ብዛት አለመሆኑን ነው። ዋናው ቁም ነገር የተነገረው እውነት መሆኑና ተናጋሪው ሊሸከመው በሚችለው ርምጃ መነገሩ ነው።

ሊቃውንት ምን ይላሉ?

የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 በወጣ ጽሑፉ፣ ታካሚው በሐሳቡ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ እንዲናገር ይጠይቃል። ይህንንም በባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጦ በውጭ የሚያልፈውን ሁሉ ለጎረቤቱ ከሚነግር መንገደኛ ጋር ያመሳስለዋል። ነገር ግን ፍሮይድ ታካሚዎቹን የሚያያቸው በሳምንት ብዙ ቀን፣ ለብዙ ወራት እንደነበረ መዘንጋት የለብንም። መንገዱ ባንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም።

አሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው ጽሑፍ ትኩረቱን ወደ አማካሪው አዞረ። አማካሪው የማያስመስል፣ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚቀበል፣ ችግሩንም በባለችግሩ ዓይን ለማየት የሚጥር መሆን አለበት አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኤድዋርድ ቦርዲን የምክርን ሥራ የሚያቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው ሲል አስረዳ፤ እነሱም በዓላማ መስማማት፣ በአሠራር መስማማትና መተማመን ናቸው። መተማመን ደግሞ በመጀመሪያው ሰዓት ተሠርቶ አያልቅም። ይህን እኛም ከቡናችን እናውቀዋለን። ሰው የሆዱን የሚያወጣው በአቦል አይደለም፤ ቶና አልፎ በረካ ሲደርስ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምን እናድርግ?

ሀ/ ከመናገር በፊት መጠየቅ። «የምነግርዎ ነገር ከዚህ ክፍል ይወጣል? ማስታወሻውንስ ማን ያየዋል?» ማለት ድፍረት አይደለም። በተለይ እንደኛ ባለ ተቋም አማካሪው በሌላ ሰዓት ፈተና የሚያርሙልን መምህር ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እንዲያየን መጠየቅ መብታችን ነው። የምስጢር ጥበቃም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ አንድ ታካሚ አንዲትን ወጣት የመግደል ሐሳቡን ለሥነ ልቦና ባለሙያ ከተናገረ በኋላ ልጅቱን ገደላት፤ እሷም ሆነች ቤተሰቧ ማስጠንቀቂያ አልደረሳቸውም ነበር። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ውሳኔ ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት አለ። ስለዚህ ጥሩ አማካሪ «ሁሉም በምስጢር ይያዛል» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ የማይያዘው የቱ እንደሆነም አስቀድሞ ይናገራል።

ለ/ ለነገ የማይባለውን መናገር። ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ በሌላ ሰው ላይ አደጋ የማድረስ ፍላጎት፣ አሁንም እየደረሰብን ያለ ጥቃት፣ የምንወስደው መድኃኒት፣ መጠጥና ጫት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ እነዚህ በመጀመሪያው ቀን ይነገራሉ። መተማመኑ እስኪጠነክር አይጠበቅም፤ በነዚህ ላይ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላልና።

ሐ/ ሊቆይ የሚችለውን ማቆየት። የቤተሰብ ገመና፣ የቆየ ሐዘን፣ ያለፈ በደል ዝርዝር ጊዜ ይችላል። አማካሪው ስለጠየቁ ብቻ ወዲያው መመለስ ግዴታ አይደለም።

መ/ የተዘጋውን በር ማመልከት። ሐሰት ተናግሮ አማካሪን ከማሳሳት ይልቅ «እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ዛሬ ግን ልናገረው አልችልም» ማለት በጣም ይሻላል። ጓደኛችን «ልጆች ፊት መቆም ያስፈራኛል፤ ምክንያቱን ግን ገና አልናገርም» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ምስጢሩንም ይጠብቅ፣ ትክክለኛውንም እርዳታ ያገኝ ነበር።

ሠ/ ይሉኝታን ማሸነፍ። እኛ ታላቅ ሰው ሲመክረን ባይገባንም «እሺ» ብለን እንወጣለን፤ ከዚያ ወዲያ የለንም! ምክሩ ካልተስማማን ወይም የተባልነው ከከፋን፣ በአክብሮት «ባለፈው ያሉኝ ነገር ከብዶኛል» ማለት የሥራው አንዱ ክፍል ነው። አማካሪው የሚያፌዙ፣ የሚያስፈራሩ፣ ወይም የሰማነውን የሌላ ሰው ምስጢር የሚያወሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይሉኝታ አይፈልግም፤ ሌላ አማካሪ መፈለግ ነው። ለእኅታችንም መድኃኒቱ መቅረት አልነበረም። ተመልሳ «ባለፈው ብዙ ተናገርኩ መሰለኝ፤ አፍሬአለሁ» ብትል፣ የሚቀጥለው ውይይት ከዚያው ከሐፍረቱ ይጀምር ነበር።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እንደገና ሄደ። በሁለተኛው ቀን ፍርሃቱን ብቻ ተናገረ። በሦስተኛው ቀን ምክንያቱ ወጣ፤ አራተኛ ክፍል ሳለ ሰሌዳ ላይ ስሌት ተሳስቶ፣ መምህሩ ክፍሉን ሁሉ አስጨብጭበው አስቀውበት ኖሯል። አሥር ዓመት ሙሉ ለማንም ሳይናገር ተሸክሞት ኖረ። ዛሬም ድምፁ አንዳንድ ጊዜ ይሰናከላል፤ ግን ያስተምራል።

ነገሩ ታዲያ እኛን እጥፍ ድርብ ይመለከተናል። ነገ አንድ ሕፃን ወደ ጠረጴዛችን ቀርቦ «ቲቸር፣ ሆዴን ያመኛል» ይለናል። የእውነት ሆዱን ይሆናል፤ ቤት ውስጥ የሆነ ነገርም ሊሆን ይችላል። እሱም እንደኛ በመጀመሪያው ቀን የሚናገረው ጥቂት ነው። ለቀሪው እንዲመለስ የሚያደርገው ያቺን ጥቂት እንዴት እንደተቀበልናት ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ አማካሪው ውጤት የሚሰጡን መምህር ቢሆኑ ምን ልንነግራቸው፣ ምን ልንተው ይገባል?

2/ ምስጢርን መጠበቅና እውነትን መደበቅ በምን ይለያያሉ?

3/ አንድ ተማሪ ምስጢሩን ከነገረን በኋላ አፍሮ ቢሸሸን ምን እናደርጋለን?