መጽሐፉ የኔ ነው፤ ሥራውስ?

 

ዛሬ በየቀኑ በስልካችን ስለምንነካው፣ ግን የሰው ሐቅ መሆኑን ስለምንረሳው ነገር እናውራ። ስለ ቅጂ መብት።

ከራሴ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ እዚሁ ደብረ ታቦር አንድ ሸኽ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የመለሱትን ትንሽ ኪታብ ገዛሁ። በጣም ወደድኩት። ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ፒዲኤፍ አደረግኩና ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። «ገዝቼዋለሁ፤ ደግሞም ለዳዕዋ ነው» ብዬ። ሽፋኑን ስላላነሳሁት ስማቸው እንኳ አልነበረበትም። ከዓመታት በኋላ ቤታቸው ስሄድ ያልተሸጡት መጻሕፍት በማዳበሪያ ታስረው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። ያሳተሙት ተበድረው ነበር። ጥፋቴን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ መነበቡስ ደስ ይለኛል፤ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ስህተቴ የት ላይ ነበር? እኔ የገዛሁት አንድ መጽሐፍ ነው። ላነበው፣ ለጓደኛዬ ላውሰው እችላለሁ። የማባዛትና ለሕዝብ የማሰራጨት መብት ግን አብሮ አልተሸጠልኝም።

በአገራችን ይህን የሚመለከተው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሕጉ «የሥራ አመንጪ» ለሚለው ሰው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጠዋል። አንዱ ኢኮኖሚያዊ ነው፦ ሥራውን ማባዛት፣ መተርጎም፣ ማሰራጨት። ሌላው ሞራላዊ ነው፦ ሥራው በስሙ እንዲታወቅ፣ ክብሩን በሚነካ መንገድም እንዳይጣመም። እኔ ሁለቱንም ነክቻለሁ።

መብቱ ምዝገባ አይጠብቅም። ሥራው የራሱ ወጥ ሥራ ከሆነ፣ ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይጠበቃል። ስለዚህ «መብቱ የተጠበቀ ነው የሚል አልተጻፈበትም» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም። ስለ ሰብር የሰማችሁትን ደርስ በራሳችሁ ቃል ማስተማር ትችላላችሁ፤ የኡስታዙን ጽሑፍ ገልብጦ በራስ ስም መለጠፍ ግን ሌላ ነው።

ጥበቃው ዘላለማዊም አይደለም። ለጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት፣ ለፎቶግራፍ 25 ዓመት ነው። መንዙማን ውሰዱ። ከ100 ዓመት በፊት የሞቱ ሸኽ የገጠሙት ግጥም ዛሬ ማንም ሊያዜመው ይችላል። ዘንድሮ የተቀረጸው ድምፅ ግን ያዜመውና ያሳተመው ሰው «ተዛማጅ መብት» አለበት፤ ይህም 50 ዓመት ይጠበቃል። የቁርኣን ቃል የማንም ሰው ድርሰት አይደለም፤ የአማርኛ ትርጉሙ ግን የተርጓሚው ልፋት ነው።

ሕጉ በርም ይተዋል። ከታተመ ሥራ ለራስ ብቻ አንድ ቅጂ ማድረግ፣ ምንጩን ጠቅሶ በልኩ መጥቀስ ይቻላል። ፒዲኤፉን ለሺህ ሰው መላክ ግን «ለራስ» አይባልም።

«ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው፤ ዒልም ደግሞ አይደበቅም» የሚል ወንድም አይጠፋም። ዒልም አለመደበቅና የሰው ልፋት ያለ ፈቃድ መውሰድ ግን ይለያያሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1409 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1988) ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የደራሲነትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ እንደሆነ፣ መዳፈሩም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ስም መጥራትስ ለኛ አዲስ ነገር ነውን? የሐዲስ ዑለሞች «ከማን ሰማኸው?» ሳይሉ የማይቀበሉ ነበሩ። በሱረቱ አሊ ዒምራን አንቀጽ 188 ላይም ባልሠሩት ሥራ መመስገን የሚወዱ ሰዎች ተወቅሰዋል።

ፋይሉን ያኔውኑ አጠፋሁት። ሌሎች ያስተላለፉትን ግን መመለስ አልቻልኩም፤ እስካሁንም ያለ ስም ይዞራል። ሸኹ ዐፍው ብለውኛል። የሰው ሐቅ ከባለቤቱ ነውና የሚታለፈው፣ በሕይወት ስላገኘኋቸው አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

እናንተም «ሼር» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የማን ነው? ፈቅዷል? ስሙ አለበት? ባለቤቱን ካወቃችሁት ደግሞ አንድ መልእክት ላኩለት። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይፈቅዳሉ።

አላህ ከሰው ሐቅ ይጠብቀን። አሚን።